የቡናው ተረትና የቡናው ምስክር

ስለ ቡናችን ዋጋ ማነስ በሚደረገው ጉባኤ ሁሉ፣ ተናጋሪው ነጋዴም ቢሆን የመንግሥት ሹምም ቢሆን፣ ንግግሩ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ከአንድ ምክር ላይ መድረሱ የተለመደ ሆኗል፤ ይኸውም «ቡናችን ጥራት አላነሰውም፤ ያነሰው የሚተርክለት ሰው ነው፤ የፍየል እረኛውን የካልዲን ነገር፣ የቡና መገኛ የሆነውን የከፋን ጫካ፣ ዕጣን ጨሶ ቄጤማ ተጎዝጉዞ የሚቀርበውን አቦል ቶና በረካ ለዓለም አሳምረን ብንተርክ ኖሮ ገዢው ሳይከራከር እጥፉን በከፈለን ነበር» የሚለው ነው። ምክሩ ለጆሮ ስለሚጥም፣ ከዚህም በላይ ሰሚውን አንዳች ከባድ ሥራ ስለማያዝዘው፣ ጉባኤው አጨብጭቦ ይቀበለዋል። እኔ ግን አሳቡ ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱም ገበሬውን ብዙ ገንዘብ ያሳጣው መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ፣ ተረቱ አልተነገረም ማለት ከእውነት የራቀ ነው። በሮም ከተማ የሱርስት ቋንቋ መምህር የነበረው ማሮናዊው ሊቅ ፋውስቶስ ናይሮን በ1671 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቡና በላቲን ባሳተመው ድርሳን ውስጥ፣ መንጋው ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ሲዘል ያደረበት እረኛ ወደ ገዳም ሄዶ እንደ ተናገረ፣ መነኮሳቱም ፍሬውን አፍልተው ጠጥተው ለሌሊት ጸሎት ትጋት እንዳገኙበት ተጽፏል። በዚያ ድርሳን የካልዲ ስም አይገኝም፤ ስሙ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ350 በሚበልጡ ዓመታት ተረቱ በልዩ ልዩ ቋንቋ ተተርጕሟል፣ በመጻሕፍት መግቢያ ሰፍሯል፣ በቡና ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዘመን የጌዴኦ ገበሬ ወይም የጅማ ጀንፈል ሻጭ በካልዲ ምክንያት አንዲት ብር ተጨምሮለት ያውቃልን? ሊጨመርለትም አይችልም። የካልዲ ተረት የቡና ሁሉ ተረት ስለ ሆነ፣ የብራዚልን ቡና የሚቆላውም ነጋዴ የቬትናምን ቡና የሚፈጨውም ነጋዴ እኩል ይተርከዋል፤ የሁሉንም ዋጋ እኩል ከፍ የሚያደርግ ነገር ደግሞ አንዱን ከሌላው አስበልጦ አያሸጥም።

ተረት የዕቃን ዋጋ ያበዛል የሚሉት ወገኖች ማስረጃ አያጡም። አዘውትረው የሚጠቅሱት ሮብ ዎከርና ጆሹዋ ግሌን የተባሉ አሜሪካውያን ጸሐፊዎች በ2009 (እ.ኤ.አ.) የጀመሩትን ፈተና ነው። እነዚህ ሰዎች ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ 100 ያህል ውዳቂ ቁሳቁስ በ128 ዶላር ከ74 ሳንቲም ገዝተው፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ደራሲ የፈጠራ ታሪክ እንዲጽፍለት አድርገው፣ በኢቤይ ጨረታ ቢያወጧቸው 3,612 ዶላር ከ51 ሳንቲም አመጡ። ወሬው ይህን ያህል ከተነገረ በኋላ ሰሚው «እንግዲያስ እኛም እንተርክ» ብሎ ይነሣል። ነገር ግን ፈተናውን ቀረብ ብሎ ለመረመረው፣ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የሆነ፣ ከሌላው ጋር የማይጋራው ታሪክ ነበረው፤ በታሪኩም ላይ የደራሲው ስም ተጽፎበት ነበር፤ ታሪኩ ልብ ወለድ መሆኑም ከገዢው አልተሰወረም። ከመቶው ታሪክ አንዱን ብቻ መርጠው በመቶው ዕቃ ሁሉ ላይ ቢለጥፉት ኖሮ ያ ትርፍ ከየት ይመጣ ነበር? ዋጋውን ያበዛው የአተራረኩ ማማር ብቻ ሳይሆን፣ ተራ የነበረው ዕቃ ከብጤዎቹ መካከል ተለይቶ አንድ ለእናቱ መሆኑ ነው። ለእኛ የሚሰብኩልን ሰዎች ይህን አስቀርተው ማማሩን ብቻ ይዘውልን መጡ።

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ ይህን ልዩነት ያለ አስረጂ ያውቀዋል። ሁለት ዳዊቶች በፊቱ ቢቀርቡለትና የአንደኛው ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን፣ ያጻፈውን ሰው፣ የተሰጠበትን ደብር፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ተፈጸመ ጽፎ ቢገኝ፣ የሌላው ጸሐፊ ግን ምንም ሳይል ቢያልፍ፣ መዝሙሩ በሁለቱም አንድ ሆኖ ሳለ ሊቁ የሚያምነውና የሚመሰክርለት የመጀመሪያውን ነው። ያች አጭር ማስታወሻ ጌጥ የላትም፤ መጽሐፉን ከሰውና ከስፍራ ጋር ታስራለች፣ የሚጠራጠር ቢኖርም ሄዶ እንዲጠይቅ ትፈቅድለታለች። በንግድ ዋጋ የሚጨምረውም ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ብቻ ነው፤ እኔም ምስክር እለዋለሁ።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው አስረጂ፣ ለእኛም ከሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበው፣ የጌሻ ቡና ነገር ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ከጌሻ አካባቢ የተሰበሰበው ዘር በእንግሊዞች እጅ ወደ ኬንያ፣ ከኬንያም ታንጋኒካ ወደሚገኘው ወደ ሊያሙንጉ የምርምር ጣቢያ ተወሰደ፤ በ1953 ውቅያኖስ ተሻግሮ ኮስታ ሪካ ገባ፤ በ1960ዎቹም ፓናማ ውስጥ ቦኬቴ በሚባለው ደጋማ አውራጃ ተተከለ። የተተከለውም ጣዕሙ ተወድሶለት አይደለም፤ የቅጠል ዋግ በሽታን ይቋቋማል ተብሎ ነበር እንጂ። ቅርንጫፉ ቶሎ የሚሰበር፣ ፍሬውም አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ ገበሬዎች ችላ ብለውት በእርሻቸው ዳር ቀረ። ፍሬው ሲለቀም ከሌላው ዓይነት ጋር በአንድ ጕድጓድ እየታጠበ፣ በአንድ አልጋ ላይ እየደረቀ፣ በአንድ ኬሻ እየተሰፋ በተራው ዋጋ ሲሸጥ አርባ ዓመት ያህል አለፈ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ፤ ያ ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው መዓዛ በዚያ ሁሉ ዘመን በኬሻው ውስጥ ነበረ፤ ግን የሚከፍልለት አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ላ ኤስሜራልዳ በተባለው እርሻ ነው። የእርሻው ባለቤቶች የፒተርሰን ቤተ ሰብ ናቸው፤ ከልጆቹ አንዱ ዳንኤል ፒተርሰን የእርሻውን ቡና በአንድነት መቅመሱን ትቶ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ፍሬ ለብቻው አስለቅሞ፣ ለብቻው አሳጥቦ፣ ለብቻው አስቆልቶ ይቀምስ ጀመር። ሥራው አሰልቺ ነው። ስኒዎቹ በተርታ ይደረደራሉ፣ የተፈጨው ቡና ይመዘናል፣ ትኩስ ውሃ ይፈስበታል፣ ከላይ የተንሳፈፈው አረፋ በማንኪያ ይሰበራል፣ ቀማሹም ከአንዱ ስኒ ወደ ሌላው እያለፈ በድምፅ እየሳበ ይቀምሳል፤ ያገኘውንም ይጽፋል። በዚህ ዐይነት ሲቀምስ ሳለ፣ ሃራሚዮ ከተባለው ከፍተኛ የእርሻው ክፍል የመጣው ስኒ የአበባና የሎሚ ወገን የሆነ፣ ከቡና ይልቅ ወደ ሻይ የሚጠጋ መዓዛ ሰጠው። የመዓዛውም ምንጭ ያ የተናቀው ዛፍ ሆኖ ተገኘ። ያን ክፍል ብቻ ለይተው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለፓናማ የቡና ውድድር ቢያቀርቡት አንደኛ ወጣ፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ፤ በዚያው ወራት ተራው ቡና በኒው ዮርክ ገበያ አንዱ ፓውንድ ከአንድ ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኤሊዳ ከሚባል ሌላ የቦኬቴ እርሻ የወጣ ጌሻ አንዱ ፓውንድ 1,029 ዶላር ተሸጠ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ፒተርሰኖች ስለ ጌሻ የሚተርኩት የፍየልና የመነኮሳት ታሪክ አልነበራቸውም፤ ጥንታዊ ሥርዐትም የላቸውም፤ ዛፉም ባዕድ ነው። የሠሩት ሥራ ቢኖር አለመቀላቀል ነው። ከተለየ በኋላ የሚነገረው ታሪክ በራሱ መጣ፤ ይህ ቡና ከእገሌ እርሻ፣ ከእገሌ ኮረብታ፣ በእገሌ ዓመት የተለቀመ፣ በእገሌ እጅ የደረቀ ነው ማለት ተቻለ። ገዢውም ሄዶ ኮረብታውን ሊያይ ይችላል፤ በሚመጣውም ዓመት ያንኑ ቡና ደግሞ ሊጠይቅ ይችላል። «ዋጋውን ያመጣው ጣዕሙ ነው እንጂ ታሪኩ አይደለም» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ጣዕሙ አርባ ዓመት ሙሉ በተደባለቀው ኬሻ ውስጥ ምን ሲያደርግ ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚባሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው በኢትዮጵያ ስም እንዲመዘገቡ ጥያቄ አቀረበ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋር ዓለም የሰማው ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ፈረሙ። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ የሠሩትም ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ግን፣ በውጭ አገር ያስከበርነውን ስም በገዛ መጋዘናችን ውስጥ ውስጡን ባዶ አደረግነው።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 602/2000 መሠረት የቡናን ንግድ በተረከበ ጊዜ፣ ከዲላ ወይም ከሐዋሳ መጋዘን የደረሰው ቡና ናሙና ይወሰድለት ነበር፤ ናሙናውም አድልዎ እንዳይደረግ ምስጢራዊ ቍጥር ተሰጥቶት ይቀመስና ደረጃ ይወጣለት ነበር። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያ ቍጥር ተመልሶ ስም አልሆነም። የአንድ አካባቢ የልዩ ልዩ ማጠቢያ ጣቢያዎች ቡና በአንድ ምድብ ገባ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጫረተው ላኪ የሚገዛው ምድቡንና ደረጃውን ነበር እንጂ የእገሌን ጣቢያ ቡና አልነበረም፤ የእሸት ቡናውን እየመረጠ የተቀበለው፣ አልጋው ላይ ቀን ከሌት እያገላበጠ ያደረቀው የማጠቢያ ጣቢያ ስም ከኬሻው ጋር አብሮ አልወጣም። በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ሰፋፊ እርሻዎች ብቻ ከዚህ አመለጡ። የቀረው አቅራቢ ሁሉ ደኅናውንም ቡና መናኛውንም ቡና ሲያመጣ ከጎረቤቱ እኩል ተጠራ፤ ማንም ልባም ሰው በዚህ ሁኔታ ለሚቀጥለው ዓመት የበለጠ እንዲደክም የሚያደርገው ምክንያት አይታየውም። እነዚያው ዓመታት ናቸው እንግዲህ የካልዲ ተረት በየኤግዚቢሽኑ የበዛባቸው። ምስክሩን በመጋዘን ደምስሰን ተረቱን በአዳራሽ እንናገር ነበር።

የምርት ገበያው ጠበቆች መልሳቸው የታወቀ ነው፤ ከዚያ በፊት አቅራቢው ገንዘቡን ይከለከል ነበር፣ ዋጋውንም አያውቅም ነበር፣ ገበያው ግን ክፍያውን በማግስቱ አደረሰለት ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ገንዘብን በማግስቱ ለመክፈል የሻጩን ስም ማጥፋት ለምን አስፈለገ? ባንክ በየቀኑ ስንቱን ሰው በየስሙ ይከፍላል። ሌሎች ደግሞ፣ ገበሬያችን ያለው ማሳ ጥቂት ስለ ሆነ የእያንዳንዱን ቡና ለብቻ መያዝ አይቻልም ይሉናል። የእያንዳንዱን ይለይ ያለ ማን ነው? ማጠቢያ ጣቢያው የሚቀበለውን ቡና በቀበሌና በቀን ለይቶ ቢመዘግብ ይበቃል፤ ይህም የሚጠይቀው ደብተርና ቍርጥ አሳብ ነው።

ለውጡ ሲመጣ ውጤቱ አልዘገየም። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቡናው መነሻ እንዲታወቅና አምራቹ ራሱ እንዲልክ መንገዱን ከከፈተ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ፤ አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ አምራች ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። «ያ ጥቂት ኬሻ ነው፤ አገር አይመግብም» ማለት ይቻላል፤ የፓናማውም መጀመሪያ ጥቂት ኬሻ ነበር። በ2012 የተለወጠው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው፣ አዲስ ተረት እንዳልተፈጠረ፣ የሲዳማም አፈር እንዳልተለወጠ፣ ቡናው ከእገሌ ማሳ ነው መባሉ ብቻ አዲስ እንደ ነበረ ይገነዘባል።

ስለዚህ ለቡና ማስታወቂያ የሚመደበው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች መዝገብና ወደ ቅምሻ ክፍሎች ቢዛወር አገሪቱ አንዳች አትጎዳም ብዬ አምናለሁ፤ እንዲያውም አሥር ዓመት በትዕግሥት ለይተን ብንይዝ፣ ጌሻን ከእኛ የወሰዱ ሰዎች የሚያገኙትን ዋጋ የእኛም የጌዴኦና የጉጂ ሰው በየዓመቱ የማያገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

ጊዜውም ደግሞ ሳንፈልገው ወደዚሁ እየገፋን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ስለ ደን መጨፍጨፍ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው ሕግ፣ አፈጻጸሙ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ ትክክለኛ ስፍራ የማያስረዳ ነጋዴ ወደ አውሮፓ እንዳያስገባ ይከለክላል። ስለዚህ ቡና በሚበቅልባቸው ወረዳዎች የገበሬው ስምና የማሳው ስፍራ በስልክ እየተለካ መመዝገቡ የግድ ሆኗል። ብዙዎች ይህን እንደ ቀንበር ያዩታል፤ ያ መዝገብ ለጉምሩክ ሹም ታይቶ በመሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ከሆነም በእርግጥ ቀንበር ነው። የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ግን ያንኑ መዝገብ ለላኪው በግልጽ ቢሰጥ፣ ላኪውም የቀበሌውን፣ የጣቢያውንና የለቀማውን ወር በኬሻው ላይ እንዲያትም ቢገደድ፣ ወጪው አስቀድሞ የተከፈለ ስለ ሆነ የሚጨመረው የኬሻው ቀለም ብቻ ነው፤ ይህንም ከሚቀጥለው የኅዳር ለቀማ በፊት ማዘዝ ይቻላል።