ኮምፒዩተር የማንን ቋንቋ ያውቃል?

«ኮምፒዩተር የሚታዘዘው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው» የሚል አስተሳሰብ በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ሥር ሰድዶ ይገኛል። በእንፍራንዝ ከተማ የሚማር፣ በሒሳብ የተካነ ወጣት እንኳ እንግሊዝኛው ደከም ያለ እንደ ሆነ፣ ይህ ሙያ ለእኔ አልተፈጠረም ብሎ ገና ከጅምሩ ሊሸሸው ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን አስተሳሰቡ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱንም አንዲት አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ ከብዙ ዓመታት በፊት በተግባር አሳይታለች።

ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። በልጅነቷ የመቀስቀሻ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ስትል በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች ፈታትታ እንደ በተነቻቸው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቅላ ማርክ ዋን በተባለው ግዙፍ የስሌት መኪና ላይ ሠራች።

በዚያን ዘመን ኮምፒዩተርን የሚያዝዝ ሰው ትእዛዙን በቁጥር መጻፍ ነበረበት። መኪናው ከቁጥር በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረውም፤ ዛሬም ቢሆን የለውም። ሆፐር ግን ሰው በቃል የሚጽፈውን ትእዛዝ ራሱ ኮምፒዩተሩ ወደ ቁጥር ሊለውጠው እንደሚችል ተረዳች። እ.ኤ.አ. በ1952 ለዚህ ሐሳብ መንገድ የከፈተውን ኤ-ዜሮ የተሰኘ ፕሮግራም አዘጋጀች፤ ከዚያም ከባልደረቦቿ ጋር ፍሎው-ማቲክ የተባለውን፣ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረች። እ.ኤ.አ. በ1959 መዘጋጀት ለጀመረውና ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ለተገለገሉበት ለኮቦል ዋነኛው መሠረት ይኸው ቋንቋ ነው።

ለእኛ ይልቁን ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። ሆፐር አለቆቿን ለማሳመን አንዱን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ትእዛዝ አዘጋጅታ አሳየቻቸው። አለቆቿም ደነገጡ። በአሜሪካ ምድር የተሠራ መኪና ፈረንሳይኛ እንዴት ሊገባው ይችላል! ለመኪናው ግን የእንግሊዝኛውም ሆነ የፈረንሳይኛው ቃል ወደ ቁጥር እስኪለወጥ ድረስ እኩል ባዳ ነው።

ታዲያ አማርኛ በምን ያንሳል? የፊደል ሰበብ ቀርቷል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ 345 ምልክቶች ይዞ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ የ«ሀ» 4608፣ የ«ለ» 4616 ነው። የሰዋስው ሰበብም ቢሆን አያዋጣም። እርግጥ እንግሊዝኛ በትእዛዝ ጊዜ ግሱን ያስቀድማል፤ በአማርኛ ግን ማሠሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የእንፍራንዝ እህል ነጋዴ ልጁን «የኩንታሉን ዋጋ በኩንታሉ ብዛት አባዛ» ሲለው፣ «ን» ተሳቢውን፣ «በ» አባዡን ለይተው ያመለክታሉ። ተርጓሚው ፕሮግራም «አባዛ» እስኪል ድረስ ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ቢቆይ ምንም አይጐድልበትም።

እንግሊዝኛን እንተው ማለቴ አይደለም። የሙያው መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በእርሱ ስለ ሆነ፣ በሥራው የሚገፋ ሰው ሊማረው ግድ ነው። ነገር ግን ጀማሪ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሐሳብን በቅደም ተከተል ማደራጀት ነው፤ ይህንንም ሰው በሚቈጥርበት ቋንቋ ቢጀምረው ይቀናዋል።

በአማርኛ የሚታዘዝ ቋንቋ ለማሰናዳት ታዲያ የመሐንዲስ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ የሰዋስው ተማሪም ድርሻ አለው። መኪናውን «ደምር» እንበለው ወይስ «ይደምሩ»? እኔ ስለሚያጥር «ደምር» የሚለውን እመርጣለሁ፤ መኪና አንቱ ስላልተባለ አይቀየምም። ከዚህ የከበደው የማጥበቅና የማላላት ጉዳይ ነው፤ ጽሕፈታችን አያሳየውምና። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። አንባቢ ከዐውዱ ይለየዋል፤ መኪናው ግን የሚያየው አንድ ዓይነት ቁጥር ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያሉ ቃላት ከትእዛዙ ዝርዝር መውጣት ይኖርባቸዋል።