«ሲስተም የለም!» ለመሆኑ ማን ወሰደው?

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች ይባላል። የመሥሪያ ቤቶቻችን መልስም ከዚህ የተለየ አልሆነም። «ገንዘቤን ስጡኝ» ሲባሉ «ሲስተም የለም»፤ «መታወቂያዬን አድሱልኝ» ሲባሉ «ሲስተም የለም»፤ ይባስ ብሎ «ኧረ ግብሬን ተቀበሉኝ!» እያለ ለሚለምን ነጋዴ እንኳ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» ነው መልሱ። አዳማ (ናዝሬት) ፖስታ ቤት አካባቢ ይሁን ፍራንኮ፣ ቢሾፍቱ ይሁን ሞጆ፣ ባቱ (ዝዋይ) ይሁን ሻሸመኔ፣ መስኮቱ ይለያያል እንጂ ዘፈኑ አንድ ነው።

ለመሆኑ ይሄ «ሲስተም» የሚባለው ማነው? ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚቀር፣ ደመወዝ የማይቆረጥበት፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የማይጻፍበት ጌታ! አነጋገሩን ልብ በሉልኝ። «ሲስተሙን አበላሸነው» የሚል የለም። «ሲስተም የለም» ነው የሚባለው፤ ልክ «ዘንድሮ ዝናብ የለም» እንደሚባለው። ዝናብስ የፈጣሪ ሥራ ነው። ሲስተም ግን ሰው የገዛው፣ ሰው የገጠመው፣ ሰው ትእዛዝ የሚጽፍለት ዕቃ ነው። ሲጠፋ የጠፋበት ምክንያት አለው። ምክንያቱንም ማወቅ ይቻላል። የማይነግሩን አንድም ስላላዩት ነው፣ አንድም አይተው ስለደበቁን ነው። ሦስተኛ ምክንያት የለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ከሥሩ እንጀምር። በየቅርንጫፉ አንድ ጥግ ላይ፣ ብዙ ጊዜ አቧራ የጠጣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ዕቃ አለ። ራውተር ይባላል። ከጎኑ ስዊች የሚባል ሌላ አለ፤ ደህና መሥሪያ ቤት ከሆነም ፋየርዎል የሚባል ዘበኛ ይኖረዋል። የአዳማውን ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት የሚያገናኙት እነዚህ ናቸው። በራሳቸው ግን ምንም አያውቁም። የሚሠሩት በተጻፈላቸው ትእዛዝ ነው፦ ይሄን አሳልፍ፣ ያንን አግድ፣ በዚህ መስመር ሂድ፣ መስመሩ ከተዘጋ በዚያኛው ዙር። ይህ የትእዛዝ ጽሑፍ ኮንፊግሬሽን ይባላል። አንዲት መስመር ብትሳሳት ወይም ብትሰረዝ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ወረፋ ላይ ይቆማል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ያልተነገረው ነገር ያለው። እነዚህን ዕቃዎች ሁሉ ባንድ ስክሪን የሚያሳይ ሶፍትዌር አለ። የኔትወርክ ማኔጅመንት ሶፍትዌር ይሉታል። ሲስኮም፣ ሁዋዌም፣ ዜድቲኢም የየራሳቸውን ሠርተው ይሸጣሉ። ባለሙያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የአንዱን ራውተር ስም ይጫናል። ወዲያው የዕቃው ሞዴል፣ የሶፍትዌሩ ዕትም፣ ዛሬ የተጻፈለት ኮንፊግሬሽን፣ ትናንት የነበረው ኮንፊግሬሽን ይመጣለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተለወጠችውን መስመር በቀለም ለይቶ ያሳየዋል። አሠራሩ በወጉ ከተዘረጋ ለውጡን ማን፣ በስንት ሰዓት እንዳደረገውም ተመዝግቦ ይገኛል። እንግዲህ ሲስተም ዱካ አለው ማለት ነው!

ሌላም አለ። መሥሪያ ቤቱ «ራውተሮቻችን ይህን ይህን ማሟላት አለባቸው» ብሎ ደንብ ያወጣል። ለምሳሌ ከፋብሪካ ጋር የመጣው የይለፍ ቃል መለወጥ አለበት፤ ከውጭ የሚገባበት በር ያለጥበቃ ክፍት መሆን የለበትም፤ የሶፍትዌሩ ዕትም ያረጀ መሆን የለበትም፤ የኮንፊግሬሽኑ መጠባበቂያ ቅጂ መኖር አለበት። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ዕቃ ከደንቡ ጋር እያስተያየ ያሟላውን አረንጓዴ፣ የጎደለውን ቀይ ያደርጋል። በነሱ ቋንቋ «ኮምፕላያንስ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ግን ቦሎ ነው። አዳማ ውስጥ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ቦሎ ሳይለጥፍ ቢወጣ ትራፊክ ፊሽካውን ይነፋበታል። የሚሊዮኖችን ገንዘብ የሚያመላልሰው ራውተርስ? ቦሎውን ማን ጠየቀው?

«መብራት ጠፍቶ ነው» ይሉናል። «መንገድ ሠሪዎች ፋይበር ቆርጠውብን ነው» ይሉናል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ መብራቱም ይጠፋል፣ ፋይበሩም ይቆረጣል። ዳሩ ግን ስክሪኑ ይህንንም ይለያል። መብራት ከሆነ የዚያ ቅርንጫፍ ዕቃዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ድምፃቸው ይጠፋል። ፋይበር ከተቆረጠ በወዲህና በወዲያ ጫፍ ያሉት ዕቃዎች በሕይወት ቆመው «መስመሬ ተዘጋ» ብለው ይጮኻሉ። ኮንፊግሬሽን ከሆነ ደግሞ ዕቃውም ይሠራል፣ መስመሩም ደህና ነው፣ የተለወጠችው ትእዛዝ ግን እዚያው ቁጭ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ «ሲስተም የለም» የምርመራ ውጤት አይደለም። «ታሟል» ብሎ በሽታውን እንደማይናገር ሐኪም ነው።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጉድ ይመሰክራል። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሚዛኑን ሳተ። ሰዎች ከሌላቸው ሒሳብ ላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ያለአግባብ ወጥቷል፤ አብዛኛው ተመልሷል። የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ችግሩም ከራሱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ባንኩ ተናግሯል። ልብ በሉ! ሰርጎ የገባ ሌባ የለም። በቤት ውስጥ የተደረገ ለውጥ ነው።

ከዚያስ ምን ሆነ? ገንዘቡን ያልመለሱ ደንበኞች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ ወጣ፤ በየቅርንጫፉ ደጃፍም ተለጠፈ። የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፤ በዚህ ጠብ የለንም። ነገር ግን ያ ለውጥ ሳይፈተሽ እንዲገባ ማን ፈረመ? ፈታሹስ ማን ነበር? በዚያ ግድግዳ ላይ የዚህ መልስ አልተለጠፈም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። የባንክ ሒሳብ ሶፍትዌርና ራውተር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናውቃለን። ሕጉ ግን አንድ ነው፦ ለውጥ ያለፈቃድ አይገባም፣ የገባ ለውጥ ይመዘገባል፣ የተመዘገበው ይታያል።

ባዕድ አገር ስህተት አይሠራም አላልንም። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ ከነዋትሳፑና ከነኢንስታግራሙ ለ6 ሰዓት ያህል ከዓለም ላይ ጠፍቶ ነበር። ኩባንያው በማግሥቱ ምክንያቱን ጽፎ አወጣ። በጥገና ላይ ሳሉ የተሰጠች አንዲት ትእዛዝ ዋና መስመሮቻቸውን አቋረጠች፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ እንዲያግድ የተቀመጠው መፈተሻ ሶፍትዌርም ራሱ እንከን ኖሮት አሳለፋት። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳ ውስጥ ሮጀርስ የተባለው ኩባንያ ራውተሮቹ ላይ የነበረ አንድ ማጣሪያ በለውጥ ሥራ ላይ ተሰረዘና ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክና ኢንተርኔት አጡ፤ የባንክ ካርድ ክፍያም ተስተጓጎለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኩባንያውን በጽሑፍ መልስ አስጠየቀው፤ የኩባንያው ሹማምንት የፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተጠየቁ፤ ለደንበኛውም የ5 ቀን ሒሳብ ተካሰለት። እዚያም ሲስተም ይጠፋል። ልዩነቱ እዚያ ሲስተም የሚጠፋው ከነስሙና ከነሰዓቱ መሆኑ ነው።

የእኛ አገር «ሲስተም የለም» ደግሞ ሌላም መልክ አለው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ሻሸመኔ ስትቃጠል በሩቅ ያለ ወንድም እህቱ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ ተቸገረ። ያ ፋይበር የተቆረጠበት ቀን አልነበረም። ሰው ቁጭ ብሎ ትእዛዝ የጻፈበት ቀን ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለውን ነበር። እሺ፣ አይደለም እንበል። ታዲያ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ካልሆነ አትቀዱም» ያለን ማነው? ሾፌሩ ማደያ ደርሶ ኔትወርክ ቢያጣ መኪናውን ምን ያጠጣው? ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የተሰለፈው ከባድ መኪና፣ ከመቂ ቲማቲም ጭኖ ለአዳማ ገበያ የሚጣደፈው አይሱዙ ሁሉ ዛሬ በዚህ «ውኃ» ነው የሚንቀሳቀሰው። ቲማቲሙ «ሲስተም እስኪመጣ ልጠብቅ» አይልም፤ ይበሰብሳል።

ወደ ዜጋው ሲዞር ግን የሚያየው ስክሪን አይደክምም። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት ዜድቲኢ ለኢትዮ ቴሌኮም ያቀረበው የደንበኞች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ማን ከማን ጋር እንደተደዋወለ በቀላሉ ለማየት የሚያስችል መሆኑን ዘርዝሯል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አገልግሎት ሰጪዎች የልውውጥ ዱካ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የእኛ ዱካ 1 ዓመት ከተቀመጠ የራውተሩስ ዱካ ለምን አይቀመጥም? ደንበኛው የሚታይበት መስኮት ሁሌም ክፍት ነው፤ ደንበኛው የሚያይበት መስኮት ግን ሁሌ ሲስተም የለውም!

«ታዲያ ኮንፊግሬሽን ለሕዝብ ይለጠፍ ነው የምትለው? ሌባ አይገባብንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። የለም፣ እንዲያ አላልንም። የቤቱን ቁልፍ ሳይሆን ቤቱ የተዘጋበትን ምክንያት ነው የምንጠይቀው። የምንለው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ አገልግሎት በተቋረጠ ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደነበረና ምክንያቱ ይለጠፍ፦ መብራት፣ ፋይበር፣ የዕቃ ብልሽት፣ የተሳሳተ ለውጥ፣ ወይስ የበላይ ትእዛዝ። ከአምስቱ አንዱን መጻፍ ምን ይከብዳል? ሁለተኛ፣ የኮንፊግሬሽን ለውጥ ታሪክ ቢያንስ እንደ ዜጋው ዱካ 1 ዓመት ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ መርማሪ በየዓመቱ ቦሎውን ይይ፤ ዝርዝሩ ሳይሆን ከመቶ ስንቱ አረንጓዴ እንደሆነ ለሕዝብ ይነገር። አራተኛ፣ በደመወዝ ሰሞንና በበዓል ዋዜማ ትልቅ ለውጥ አይነካካ፤ ሲነካም ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ ወደ ነበረበት መመለሻው አስቀድሞ ይዘጋጅ። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮሙን፣ ብሔራዊ ባንክም የባንኮቹን ሊጠይቁ ይገባል።

«ዶላር የለም፣ ሶፍትዌሩ ውድ ነው» የሚለውም ምክንያት ውኃ አያነሳም። የኮንፊግሬሽን ቅጂ እየሰበሰቡ ለውጡን የሚያሳዩ በነፃ የሚገኙ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ራንሲድና ኦክሲዳይዝድ የሚባሉት ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ባለሙያ ጠፋ እንዳይባል አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር በየዓመቱ ልጆች ያስመርቃል። የጠፋው ሶፍትዌር ሳይሆን «ይታይ» የሚል አለቃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አትስደቧት። እሷ የተነገራትን ነው የምትናገር፤ የሷም ስክሪን እንደኛው ጨልሞባታል። የሚጠየቀው ከኋላዋ፣ ከዚያም ከኋላ፣ ሁሉን የሚያሳየው ስክሪን ፊት የተቀመጠው ነው። ከእንግዲህ «ሲስተም የለም» ሲባሉ ዝም ብለው አይመለሱ። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ? በምን ምክንያት?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ሰው ቢጠይቅ ይስቁበት ይሆናል። ወረፋው በሙሉ ከጠየቀ ግን ስክሪኑን ለማየት የሚነሳ አለቃ አይጠፋም።