ቢጫ ሁሉ አደይ አበባ አይደለም

መስከረም ሲጠባ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚያልፍ ተማሪ በአጥር ሥርና በባዶ ቦታ ቢጫ አበባ ባየ ቁጥር «አደይ ነው» ይላል። አባባሉ አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴም ስሕተት ነው። ሜጭም ቢጫ ነው፤ በእርሻ የሚዘራው ዘመዱ ኑግም እንዲሁ። በመሆኑም የዱር አበቦችን መለየት መጀመር ያለበት ስም በመሸምደድ ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ዕፅዋትን ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነታቸውን በመፈለግ ነው እላለሁ።

ለጀማሪ ቀለም ደካማ ምስክር ነው፤ ፍሬ ግን የተሻለ ነው። በእነዚህ ዕፅዋት አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። ሲጠወልግ ፈልፍለን ፍሬዎቹን እንመልከት። አደይ የሚመደብበት ጂነስ «ባይደንስ» ይባላል፤ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» እንደ ማለት ነው። በፍሬው ጫፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሹል ጥርሶች ይታያሉ፤ በሜጭና በኑግ ፍሬ ላይ ግን የሉም። ከልብሳችን ጋር የሚጣበቀው የሰይጣን መርፌም የዚሁ ጂነስ አባል ነው። እንግዲህ የአዲስ ዓመት አብሣሪው አበባና ገበሬው የሚነቅለው አረም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ቀለምን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ዝምድና አይደርስበትም።

«አረም ማወቅ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። በተቆፈረ መሬትና በፍርስራሽ ላይ የሚበቅለውን አስተናግር እንውሰድ። መለከት የሚመስል አበባና እሾሃማ ፍሬ አለው፤ ሁለንተናው መርዝ ነው። የበላው ሰው ይቃዣል፣ ይለፈልፋል፣ ሊሞትም ይችላል። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ላየ የአራዳ ልጅ ይህ ሩቅ ትምህርት አይደለም።

የስልክ መተግበሪያ ስም ይጠቁማል፤ ሆኖም ከላይ የተነሣ ፎቶግራፍ የፍሬውን ጥርስ አያሳይም። አስተማማኙ ማመሳከሪያ በቅርባችን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም የተቋቋመው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሥራም በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 ተጠናቅቋል፤ ያካተታቸውም ዝርያዎች ወደ 6,000 ይጠጋሉ።

ለጀማሪ ግን ሦስት ይበቃሉ። የባዮሎጂ መምህራን በየመስከረሙ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ ሦስት ዕፅዋት በጋዜጣ መካከል አድርቆ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ እንዲያመጣ ቢያዝዙ መልካም ነው። አስተናግር ግን በሥዕል ይበቃል።