መብራቱ ሲጠፋ ውኃውም ይጠፋል

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2021 እሑድ፣ በሒጅራ አቆጣጠር የ1443 ሰፈር ወር በመገባደድ ላይ ሳለ፣ ሻሂን የተሰኘው አውሎ ነፋስ በኦማን የአል-ባጢና ጠረፍ ላይ አረፈ። ሱወይቅ፣ ኻቡራና አካባቢያቸው በጎርፍ ተዋጡ፤ በኻቡራ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደ። የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ አላህ ይዘንላቸው። ነፋሱ ሌሊቱን አልፎ ሄደ። በብዙ ቤቶች ግን መብራቱ ለቀናት አልተመለሰም። የአደጋ መከላከል ሠራተኞች መንገድ ሲከፍቱ፣ ከሌሎች ግዛቶች የጎረፉ በጎ ፈቃደኞችም ከየቤቱ ጭቃ ሲጠርጉ፣ ቤተሰቦች በደረቁ ቧንቧዎችና በሞቁ ማቀዝቀዣዎች መካከል ቀኑን ይገፉ ነበር።

ስለ ነፋሱ ብዙ ተጽፏል። ነፋሱ ካለፈ በኋላ ስላሉት ሦስትና አራት ቀናት ግን እምብዛም አይነገርም።

በአማርኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ «መብራት ጠፋ» ይባላል። አነጋገሩ የተወለደው ኤሌክትሪክ ከአምፖል ያለፈ ብዙ ሥራ ባልነበረው ቤት ውስጥ ነው። በወሎ ወይም በጅማ ገጠር ያደገ ሰው መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ወይም ፋኖስ ይለኩስና ሥራውን ይቀጥላል፤ ውኃው በእንስራ፣ እሳቱ በምድጃ፣ አየሩም በበሩ በኩል አለና። በባሕረ ሰላጤው ከተማ ግን ከሚጠፉት ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ብርሃኑ ነው። ውኃው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ፣ በፓምፕ ተገፍቶ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር የሚወጣ ነው። አየሩ ከኤሲ የሚገኝ ነው፤ መስኮቶቹ ብዙውን ጊዜ የማይከፈቱ ወይም ተከፍተውም ነፋስ የማያሳልፉ ናቸው። ሊፍቱ፣ የግቢው በር፣ አንዳንዴም የእቃ ማብሰያው ምድጃ ሳይቀር ከአንድ ሽቦ የተንጠለጠሉ ናቸው። የቀድሞዎቹ የጠረፉ ሰዎች ከዘንባባ ዝንጣፊ የሠሯቸው ጎጆዎችና ነፋስ የሚስቡት የጭቃ ቤት ማማዎች ያለ ኤሌክትሪክ እንዲኖርባቸው የታሰቡ ነበሩ። የዛሬው አፓርታማ እንዲህ አልታሰበም፤ ኃይል ሲቋረጥ ከመኖሪያነት ወደ ምድጃነት ለመለወጥ ጥቂት ሰዓታት ይበቁታል።

ይህን ጎኑ የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በጁን 2007 በግልጽ አሳይቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ሥራ በማቆማቸው ሙስካት ለቀናት የውኃ እጥረት ገጥሟታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ደግሞ፣ ዒድ አል-ፊጥር በተከበረ በሳምንቱ፣ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች መረጃ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ዝናብ ዘነበ፤ በአል-ዐይን አካባቢ ኸትም አል-ሸክላ በምትባለው ስፍራ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254.8 ሚሊ ሜትር ተመዘገበ። በሻርጃና በዱባይ አንዳንድ ሠፈሮች ጎርፉ ለቀናት ሳይደርቅ ቆየ። ነዋሪዎችም ሊፍት በቆመባቸው ሕንጻዎች ምግብና ውኃ በደረጃ ተሸክመው ለመውጣት ተገደዱ።

እዚህ ላይ የሚነሳ፣ ብዙዎች ግን የማያነሱት ጥያቄ አለ፤ ተሸካሚው ማን ነው?

በአስቸኳይ ጊዜ የረድኤት ሥራ የሚሠራበት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልግ ያስቀምጣል። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ 90 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ አምስት ጊዜ ወርዶ አምስት ጊዜ መውጣት ማለት ነው። አሥረኛ ፎቅ ላይ በሚኖር ቤተሰብ ዘንድ፣ ሙቀት በተሞላና ጨለማ በዋጠው ደረጃ፣ እያንዳንዱ ጉዞ 20 ኪሎ ይመዝናል። በብዙ ቤቶች ይህን የምትሸከመው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ሕጻኑን ሌሊቱን ሙሉ በካርቶን ክዳን የምታራግበውም፣ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሥጋ ከመበላሸቱ በፊት እኩለ ሌሊት ላይ ተነስታ የምትቀቅለውም እርሷው ናት። ሕንጻውን የሚጠብቀው ናጡርም እንዲሁ ከታች እስከ ላይ ሲመላለስ ይውላል። ጨለማው ለሁሉም እኩል ቢወርድም ሸክሙ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ጉዳይ ላይ የተዉት ትምህርት ለማንም የተሰወረ አይደለም። በአቡ ዘር በኩል በተላለፈውና በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ፣ ከሰው እጅ በታች ያሉት ወንድሞቹ እንደሆኑ፣ ከሚበላው እንዲያበላቸው፣ ከሚለብሰው እንዲያለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳይጭንባቸው፣ ከጫነባቸውም ራሱ እንዲያግዛቸው አዘዋል። የመጨረሻውን ክፍል ልብ ማለት ይገባል። ትእዛዙ ከባድ ሥራ የሚመጣበት ቀን እንደሚኖር ያውቃል፤ በዚያ ቀን ጌታው ጀሪካኑን በአንድ ወገን እንዲይዝ ይጠይቃል። የኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግም፣ የ2022ቱ ቁጥር 9 ድንጋጌ፣ ለሠራተኛ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ሲሰጥ ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ እንዲሆኑ ያዝዛል። መብራት በጠፋበት ሳምንት በቤቱ ውስጥ ያሉት ጤነኛ ጎልማሶች ሁሉ ሌሊቱን በተራ ከተካፈሉት እንጂ ይህ ዕረፍት ሊገኝ አይችልም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በቤቱ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ መኖርን በሚገባ የምታውቀው ብዙውን ጊዜ ይህችው ሠራተኛ ናት። ውኃ መቆጠብን፣ እህል ሳይበላሽ ማቆየትን፣ በአንድ ጭላንጭል መብራት ቤት ማሰናዳትን ከእናቷ ተምራለች። ሆኖም ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቃት አይገኝም።

ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ማስጠንቀቂያ እንደተሰማ አስቀድሞ የሚሞላው ውኃ ነው፤ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ ገንዳው፣ ድስቱም ሳይቀር። የሚጠጣው ለብቻው ተከድኖ ይቀመጥ፤ የመጸዳጃው ለብቻው። ስልኮችና ፓወር ባንኮች ይሞሉ። የኦክስጅን መሣሪያ ወይም ሌላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና ዕቃ የሚጠቀም ሰው ካለ ነፋሱን መጠበቅ አያስፈልግም፤ መንገዱ ክፍት ሳለ ጄኔሬተር ወዳለው የዘመድ ቤት ወይም ወደ ጤና ተቋም ይዛወር።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፤ አይከፈት። በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ምግቡን ለአራት ሰዓት ያህል ያቆያል። የሞላ ፍሪዘር ለሁለት ቀን፣ ግማሽ የሆነ ለአንድ ቀን ይበረክታል። ከዚያ በኋላ የሞቀ ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ሩዝ በሽታ እንጂ ምግብ አይደለም፤ በእነዚያ ቀናት በተቅማጥ መታመም ደግሞ የሌለውን ውኃ ከሰውነትም ማጣት ነው። የተበላሸውን ለሠራተኛዋ መስጠትም ቁጠባ አይባልም።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ከሌላው በላይ ይጨነቃሉ፤ ጭንቀቱም ምክንያት አለው። በጥቅም ላይ ያለ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ለአራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የባሕረ ሰላጤው ቤት ግን ኤሲ ሲቆም ከዚያ በላይ ይሞቃል። መድኃኒቱን በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ያበላሸዋል፤ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ከትቶ፣ በቀዘቀዘ ውኃ አጠገብ ወይም በእርጥብ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ማኖር ይሻላል። ኦማኖች ጀህላ የሚሏት፣ በገመድ ተንጠልጥላ ውኃ የምታቀዘቅዘው ሸክላ፣ ከኢትዮጵያ እንስራ ጋር እህት ናት። ከዝናብ ማግስት አየሩ እርጥበት ሲበዛበት ጉልበቷ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ከምንም ትሻላለች።

ከሁሉ በላይ ሊደጋገም የሚገባው ግን የእሳቱ ጉዳይ ነው። ጄኔሬተርም ሆነ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ የሚገድለውም በእንቅልፍ ላይ ነው። የጄኔሬተር ስፍራ ከቤት ውጪ፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ነው፤ በረንዳ ወይም ጋራዥ «ውጪ» አይባልም። በኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ አደጋው ሌላ መልክ አለው። መብራት ሲጠፋ፣ ምድጃው ሲቆም፣ ቡናውን በከሰል ማፍላትና ዕጣን ማጨስ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ በዐረቡ ቤትም ቡኹሩ ከፍም ላይ አይጠፋም። ሰው ተሰብስቦ፣ ትንኝ እንዳይገባ መስኮት ተዘግቶ፣ ፍሙ ጥግ ላይ እየጋለ ጨዋታው ይደምቃል። ራስ ምታቱ ሲጀምር የሙቀቱ ነው ይባላል፤ ማቅለሽለሹም የድካሙ ነው ተብሎ ይታለፋል። ከሰሉ ጭስ ስለሌለው ጉዳት የለውም ብሎ ማሰብ ብዙ ሰው ያስከፈለ ስሕተት ነው። ቡናው ደጅ ይፈላ። ፍሙ ወደ መኝታ ቤት አይግባ፤ ከመተኛት በፊትም ፈጽሞ ይጥፋ።

ሻማውም ቢሆን የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር አይነድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ሲተኙ መብራታቸውን እንዲያጠፉ አዘው፣ አይጥ ክሩን ስባ ቤተሰቡን ልታቃጥል እንደምትችል አስጠንቅቀዋል። ለሕጻናት ክፍል በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ፋኖስ ከአሥር ሻማ ይበልጣል።

ዒባዳም በእነዚህ ቀናት መገራት አለበት። በብርቱ ዝናብ ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ መጥራቱ ሱና ነው፤ ጎርፍ እየተሻገሩ ወደ መስጂድ መሄድ ከዚህ ገር ፈቃድ በላይ መጓዝ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዉዱእ ያደርጉ የነበረው ከአንድ ሊትር ባነሰ ውኃ ነበር። ያለው ውኃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነም ዑለሞች ተየሙምን ፈቅደዋል። በጨለማ ደረጃ ውኃ ተሸክማ ለመጣች ሴት፣ ያ ውኃ በቧንቧ እንደሚፈስስ ሆኖ ሲባክን ማየት ከድካሙ ይልቅ ያማታል።

ስልኩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የጎርፉ ቪዲዮ ከሚሴና አጋሮ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ የልጅቱ ድምፅ ግን ላይደርስ ይችላል። በቤቱ ኢንተርኔት ብቻ የምትደውል ሠራተኛ ኃይል ሲቋረጥ ከቤተሰቧ ጋር ያላት ገመድ ይበጠሳል። እናት ሦስት ቀን ሙሉ በማትቀበል ስልክ ላይ ስትደውል ትውላለች። አሠሪው ከመኪናው ቻርጅ ሲያደርግ ለእርሷም ስልክ ተራ ቢሰጥ፣ ከራሱ መስመር አንዲት የድምፅ መልእክት ቢያስልክላት፣ የሚያወጣው ወጪ የለም። የማስጠንቀቂያውም መልእክት እንዲሁ ነው። በቤቱ ስልክ ሁሉ ላይ የጮኸው ጽሑፍ ምን እንዳለ፣ ወደ ምድር ቤት መውረድ ለምን እንደተከለከለ፣ የወደቀ ሽቦ ለምን እንደማይነካ በምትረዳው ቋንቋ ሊነገራት ይገባል። የአደጋ መከላከል ተቋማት አማርኛን በማስጠንቀቂያ ቋንቋዎቻቸው ውስጥ ቢያካትቱ ደግሞ ሥራው ለእያንዳንዱ አሠሪ በጎ ፈቃድ ባልተተወ ነበር።

የሕንጻ ባለቤቶችም የራሳቸው ድርሻ አለባቸው። የኤሌክትሪክ ክፍሉንና የውኃ ፓምፑን ምድር ቤት ያስቀመጠ ሕንጻ በመጀመሪያው ጎርፍ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ክፍሉን ከፍ ማድረግ ወይም ለፓምፑና ለአንዲት ሊፍት የሚበቃ ጄኔሬተር ማዘጋጀት ወጪ አለው፤ በአሥረኛ ፎቅ ያለች ነፍሰ ጡርና በአሥራ አምስተኛው ያሉ ሽማግሌ ግን በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላሉ።

መብራቱ ሊመለስ ሲል ዋናው ብሬከር መጠፋቱ ይረጋገጥ፤ ኤሲውና ፍሪጁም ከሶኬት ይነቀሉ። ውኃ የነካው ሶኬት ወይም ዕቃ ባለሙያ ሳያየው አይሰካ፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ማብሪያ የሚነካም አይኑር፤ ሠራተኛዋም እንድትነካ አትላክ። ከዚያ አንድ አምፖል፣ ቆየት ብሎ ፍሪጁ፣ በመጨረሻም ኤሲው። ፓምፑ ሲነሳ ቧንቧው መጀመሪያ የሚያወጣው ደፍራሽ ውኃ ነው፤ እስኪጠራ ይፍሰስ፤ ለመጠጥ ግን ይፈላ። ኢንተርኔቱ እንደተመለሰም የመጀመሪያዋ ጥሪ ወደ ከሚሴ ትሁን።