ነፋስ አላመጣቸውም!

ኮለምበስ እስያን ፍለጋ ወጥቶ በ1492 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካላሰበው አህጉር ላይ ቢወድቅ «ታላቁ አሳሽ» ተባለ፤ ስሙም በየጂኦግራፊው መጽሐፍ ሰፈረ። የፓስፊክ ሰዎችስ? ሃዋይን፣ ኒው ዚላንድንና የፋሲካን ደሴት አግኝተው፣ ዘር ተክለው፣ ልጅ አሳድገው ሲኖሩ ምን ተባሉ? «ነፋስ ወስዷቸው ነው» ተባሉ! የተሳሳተው አሳሽ፣ የደረሰው ተንሳፋፊ። ይሄ ነው እንግዲህ ፍርዱ።

ወሬው የመንደር ወሬ እንዳይመስላችሁ። አንድሩ ሻርፕ የሚባል የኒው ዚላንድ ጸሐፊ በ1956 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ያለ መሣሪያ ሩቅ ባሕር አስቦ ሄዶ መመለስ አይቻልም፤ ሩቆቹ ደሴቶች የተያዙት መንገድ በጠፋባቸው ታንኳዎች ነው አለ። እውነት ለመናገር፣ የሻርፕ ጥያቄ ደግ ጥያቄ ነበር፦ ደመና ሰማዩን ሲሸፍን፣ የባሕሩ ጅረት ታንኳውን ሳይታወቅ ወደ ጎን ሲገፋው ምን ይደረጋል? ችግሩ ጥያቄው አይደለም። መልስ የለውም ብሎ መደምደሙ ነው እንጂ። መልሱን የሚያውቁት ሰዎች እኮ ያኔም በሕይወት ነበሩ!

አንዱ ማው ፒያይሉግ ነበር፤ ሳታዋል ከምትባል የማይክሮኔዢያ ጭብጥ የማትሞላ ደሴት። አያቱ ገና በሕፃንነቱ ጠጠር በክብ ደርድረው፣ ይህ ኮከብ እዚህ ይወጣል፣ እዚያ ይጠልቃል እያሉ አስጠኑት። አንድ ኮከብ ከአድማስ የሚወጣበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። እሱ ከፍ ሲል ሌላው በዚያው ቦታ ተተክቶ ይወጣል። የኮከቦቹ ተራ ራሱ ኮምፓስ ነው ማለት ነው። ደመና ሲሆንስ? ከሩቅ ነፋስ የተነሣ ሞገድ አቅጣጫውን ቶሎ አይለቅም፤ መሪው የታንኳውን ውዝዋዜ በገላው ያነበዋል። ማታ ወደ ጎጇቸው የሚመለሱት የባሕር ወፎች ደግሞ የብሱ ወዴት እንዳለ ይመሰክራሉ።

በ1976 ነገሩ በአደባባይ ተፈተነ። ሆኩሌአ የተባለችው ጥንድ ታንኳ፣ ስሟ በሃዋይ ቋንቋ የአርክቱረስ ኮከብ ስም ነው፣ በሜይ 1 ከሃዋይ ተነሣች። መሪው ማው፤ ኮምፓስ የለ፣ ካርታ የለ። ነፋሱም ጅረቱም ወደ ምዕራብ ይገፋል፤ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ታሂቲን አያገኛትም። ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በታች ይጠፋል፤ በሃዋይ አናት ላይ ያልፍ የነበረው አርክቱረስ ዝቅ ይላል፤ በታሂቲ አናት አጠገብ የሚያልፈው ሲርየስ ከፍ ይላል። አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በጁን 4 ፓፔቴ ወደብ ገቡ። ታዲያ ይሄ ዕድል ነው?

ዕድል ማለት ሲያሳፍር ሌላ ዘፈን ይመጣል፦ «ደመ ነፍስ ነው፣ ከተፈጥሮ ጋር ያላቸው ምስጢር ነው!» ምስጋና መስሎ የተሸፈነ ስድብ። ኧረ ለመሆኑ ደመ ነፍስ ቢሆን ሃዋዮቹ መሪ ፍለጋ እስከ ሳታዋል ለምን ሄዱ? የእነሱም አባቶች ባሕረኞች ነበሩ። ደሙ አለ፤ ትምህርቱ ግን ተቋርጦ ነበር። ከዚያም የሃዋዩ ተወላጅ ናይኖዋ ቶምሰን ከማው ተማረ፣ ሰማዩን አጠና፣ በ1980 ራሱ መርቶ ታሂቲ ደርሶ ተመለሰ። በዘር የማይተላለፍ፣ በጥናት የሚገኝ፣ በስንፍና የሚጠፋ ነገር ስሙ ዕውቀት ነው!

«ዛሬ ሳተላይት እያለ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ እንኳ በኮከብ የመምራትን ትምህርት አቋርጦ ከቆየ በኋላ በ2015 መልሶ ጀምሮታል፤ የሳተላይት ምልክት ሊታፈን ይችላላ።

ማው ዕውቀቱን ለባዕድ የሰጠው በገዛ ደሴቱ የሚማረው ወጣት እየመነመነ ስለሄደ ነው። በ2007 ናይኖዋንና ጓደኞቹን በወጉ መሪ አድርጎ ሾመ፤ በ2010 አረፈ። እሱ ባያስተምር ኖሮ ሻርፕ ሳይረታ የረታ ይመስል ነበር፤ ምስክር የሌለው እውነት ተረት ይባላላ።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ «ዕድል ነው»፣ «ደመ ነፍስ ነው» የሚል ምሁር ነኝ ባይ ሲያጋጥማችሁ ረጅም ክርክር አትግጠሙ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ ማን አስተማራቸው?