ትእዛዝ ከላይ እስኪመጣ...

የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሻይና ቡናው ነው። እኔም ብሆን በሮቹን ስታሳይ ጋዜጣዬን ገልጬ አነባለሁ እንጂ ቀና ብዬ አላያትም ነበር። አፍሬአለሁ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሐኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ሲያርፍ፣ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። በዚያኛው ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ኤርባሱ ውስጥ 379 ነፍስ አለ። ድምፅ ማጉያው አልሠራም፤ አስተናጋጆቹ በጉሮሯቸው ጮኹ። ከ8 በሮች የሚያስወጡት 3ቱ ብቻ ነበሩ። ከኋላ በር የነበሩት አስተናጋጅ አብራሪዎቹን ማነጋገር ቢያቅታቸው፣ ውጭውን አይተው በራሳቸው ውሳኔ ከፈቱት። 379ኙም ወጡ!

እስቲ ደግሞ ሪያድን እዩ፣ ኦገስት 19 ቀን 1980። የሳዑዲ ትራይስታር ጭስ እያፈነው በሰላም አረፈ። ማረፉንስ አርፏል። ግን ወዲያው በመቆም ፈንታ መንዳቱን ቀጠለ፤ ከቆመ በኋላም ሞተሮቹ ከ3 ደቂቃ በላይ አልጠፉም። አስተናጋጆቹ ‹‹እናስወጣ ወይ?›› እያሉ ደጋግመው ጠይቀው ነበር። ካፒቴኑ አታስወጡ አለ። 301 ሰው አለቀ፤ አንድም አልተረፈም።

በመካከሉ የአውሮፕላኑም ሥሪት ተሻሽሏል፣ አልክድም። ግን ሪያድ ላይ በሩ ጋ የቆመው ሰው ከላይ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። (ይህቺ ‹‹ከላይ›› የምትባል ነገር እኛም ቢሮዎች ትታወቃለች።)

አለቃዋ ዝም ሲል ወይም ሲሳሳት በሩን ለከፈተች ልጅ ማን ይቆምላታል? ነገ ደመወዟ ይቆረጣል ወይስ ትመሰገናለች? አየር መንገዶች ይህንን በጽሑፍ ይንገሩን። ትኬቱን የምንገዛው እኛ ነን።