የአጋማሽ ደረጃና የቀሪ ጨዋታዎች ሚዛን፦ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት የቅርጫት ኳስ ቡድን ተሞክሮ

በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጃንዋሪ መጨረሻና የፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሳምንታት የሒሳብ ጊዜ ናቸው። ቡድኖች የኮንፈረንስ ጨዋታዎቻቸውን አጋማሽ የሚሻገሩት፣ አሰልጣኞችና ደጋፊዎችም የደረጃ ሰንጠረዡን ዘርግተው ስለቀሪው ዕድል የሚነጋገሩት በእነዚህ ሳምንታት ነው። በ2024 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን ያለፈበት መንገድ የአጋማሽ ሰንጠረዥ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚደብቅ በግልጽ ያሳየ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮንፈረንስ ማለት ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ማኅበር ተሰባስበው እርስ በርስ የሚጫወቱበት ሊግ ነው። በራሌይ ከተማ የሚገኘው ኖርዝ ካሮላይና ስቴት በ1953 ከተመሠረተው የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ መሥራች አባላት አንዱ ነው። በ2023/24 የውድድር ዘመን ኮንፈረንሱ 15 ቡድኖችን ያቀፈ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቡድን 20 የኮንፈረንስ ጨዋታዎችን አድርጓል። በቅርጫት ኳስ አቻ ውጤት ስለሌለ ደረጃው የሚወጣው እንደ እግር ኳስ በነጥብ ድምር ሳይሆን ባሸነፉትና በተሸነፉት ጨዋታዎች ብዛት ነው።

ከደረጃው በስተጀርባ ያለው ዋና ጉዳይ በማርች ወር ወደሚጀመረው ብሔራዊ የጥሎ ማለፍ ውድድር መግባት ነው። በ2024 ከተሳተፉት 68 ቡድኖች መካከል 32ቱ የየኮንፈረንሳቸው ሻምፒዮን በመሆን በቀጥታ ያለፉ ሲሆኑ፣ የቀሩት 36 ቡድኖች በአስመራጭ ኮሚቴ የተመረጡ ናቸው። አንድ ቡድን በሩን የሚያስከፍተው ወይ የኮንፈረንሱን ዋንጫ በማንሳት፣ ወይ ኮሚቴውን የሚያሳምን ውጤት በማስመዝገብ ነው ማለት ነው። ለመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾች ይህ ዕድል ተመልሶ አይመጣም። ለአሰልጣኞችም ቢሆን በሥራ ላይ የመቆየት ወይም የመሰናበት ጉዳይ ነው።

ኖርዝ ካሮላይና ስቴት፣ ወይም በአጭር አጠራሩ ስቴት፣ ከመጀመሪያዎቹ 6 የኮንፈረንስ ጨዋታዎች 5ቱን አሸንፎ ነበር። ጃንዋሪ 30 ቀን 2024 ማያሚን 74 ለ 68 ረትቶ የመጀመሪያዎቹን 10 ጨዋታዎች ሲያጠናቅቅ 6 አሸንፎ 4 ተሸንፎ ነበር። ሰንጠረዡን ብቻ ለተመለከተ ሰው ይህ መልካም የሚባል ውጤት ነው። በዚያው መጠን ቢቀጥል ውድድሩን በ12 ድልና በ8 ሽንፈት ይፈጽም ነበር።

ሆኖም ውጤቱ በእነማን ላይ እንደተገኘ ሲመረመር ምስሉ ይለወጣል። የዓመቱን የመጨረሻ ደረጃ መለኪያ አድርገን ብንወስድ፣ ከስድስቱ ድሎች አራቱ የተገኙት በሰንጠረዡ ግርጌ ባጠናቀቁት በቦስተን ኮሌጅ፣ በኖትር ዳም፣ በሉዊቪልና በማያሚ ላይ ነው። ከስቴት በላይ ሆነው ከጨረሱት ቡድኖች ጋር በተደረጉት 6 ጨዋታዎች ግን ቨርጂኒያንና ዌክ ፎረስትን በሜዳው ከማሸነፉ በቀር በአራቱ ተሸንፏል። በመሆኑም 6 ለ 4 የሚለው አኃዝ የሁለት የተለያዩ ውጤቶች ድምር ነበር፤ ከደካሞቹ ጋር 4 ለ 0፣ ከጠንካሮቹ ጋር 2 ለ 4።

ቀሪዎቹ 10 ጨዋታዎች ደግሞ በአብዛኛው ከጠንካሮቹ ጋር ነበሩ። ከግርጌው ወገን የቀሩት ጆርጂያ ቴክና ቦስተን ኮሌጅ ብቻ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ስምንቱ ከስቴት በላይ ካጠናቀቁ ቡድኖች ጋር የሚደረጉ ነበሩ። ከእነዚህም መካከል የውድድር ዘመኑን በ17 ድልና በ3 ሽንፈት በአንደኝነት የፈጸመው የቻፕል ሂሉ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እና በ15 ድል ሁለተኛ የሆነው ዱክ ይገኙበታል። ሁለቱም የስቴት ጎረቤቶችና የረጅም ጊዜ ተቀናቃኞች ናቸው።

የሜዳ ጉዳይ ለልዩነቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በመጀመሪያው አጋማሽም ሆነ በሁለተኛው ስቴት አምስት ጨዋታዎችን በሜዳው፣ አምስቱን ከሜዳው ውጪ አድርጓል። የተለወጠው የተጋጣሚዎቹ ክብደት ነው። ውጤቱም ይህንኑ አረጋግጧል። ስቴት በሁለተኛው አጋማሽ 3 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ በ7ቱ ተሸንፏል። ጆርጂያ ቴክንና ቦስተን ኮሌጅን እንደሚጠበቀው አሸነፈ፤ ከስምንቱ ጠንካሮች ግን የረታው ክሌምሰንን ብቻ ነው፤ ያውም 78 ለ 77 በሆነ የአንድ ነጥብ ልዩነት። የመጨረሻዎቹን አራት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ በ9 ድልና በ11 ሽንፈት 10ኛ ሆኖ ጨረሰ።

በጠቅላላው ሲታይ ስቴት ከበታቹ ከነበሩት አምስት ቡድኖች ጋር ያደረጋቸውን 6 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፏል። ከበላዩ ከነበሩት ዘጠኝ ቡድኖች ጋር ካደረጋቸው 14 ጨዋታዎች ደግሞ ያሸነፈው 3ቱን ብቻ ነው። ከዚህ አንጻር 10ኛነቱ በትክክል የሚገባው ቦታ ነበር ማለት ይቻላል። በአጋማሹ የተመዘገበው 6 ለ 4 የቡድኑን አቅም ከፍ አድርጎ ያሳየ ሲሆን፣ እውነተኛው ግምት ያለው በሰንጠረዡ ላይ ሳይሆን በቀሪ ጨዋታዎች መርሐ ግብር ላይ ነበር።

ይሁንና የሁለተኛው አጋማሽ ሽንፈቶችም በተራቸው ሙሉውን እውነት አልተናገሩም። ስቴት በፒትስበርግ 67 ለ 64፣ በዌክ ፎረስት 83 ለ 79፣ በሲራኪውስ 87 ለ 83 ነው የተሸነፈው። በሦስቱ ጨዋታዎች የተበለጠው በድምሩ በ11 ነጥብ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንኳ ቢያሸንፍ ኖሮ ከ10ኛ ደረጃ ከፍ ብሎ ከኮንፈረንሱ የጥሎ ማለፍ ውድድር የመጀመሪያ ቀን ጨዋታ በዳነ ነበር። በጠባብ ልዩነት የተሸነፈ ቡድን በሰንጠረዡ ላይ በሰፊ ልዩነት ከተሸነፈው ጋር እኩል ይቆጠራል፤ የጨዋታ አቅማቸው ግን አንድ አይደለም።

መደበኛው ውድድር ሲያበቃ ስቴት በአጠቃላይ 17 አሸንፎ 14 ተሸንፎ ነበር። ይህ ውጤት አስመራጭ ኮሚቴውን የሚያሳምን ባለመሆኑ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም የኮንፈረንሱን ዋንጫ ማንሳት ነው። የደረጃው ዋጋ በተጨባጭ የታየውም እዚህ ላይ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ የወጡት ቡድኖች ዋንጫውን ለማንሳት ሦስት ጨዋታ ማሸነፍ ሲበቃቸው፣ 10ኛው ስቴት በአምስት ተከታታይ ቀናት አምስት ጨዋታ ማሸነፍ ይጠበቅበት ነበር። የአሰልጣኝ ኬቨን ኪትስ የሥራ ዋስትናም በወቅቱ አጠያያቂ ሆኖ ነበር።

ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ከማርች 12 እስከ 16 ቀን 2024 የሆነው ግን ከግምት ውጪ ነበር። ስቴት ሉዊቪልን 94 ለ 85፣ ሲራኪውስን 83 ለ 65፣ ዱክን 74 ለ 69 አሸነፈ። በግማሽ ፍጻሜው ቨርጂኒያ ሊያሸንፍ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ማይክል ኦኮኔል ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የወረወረው የሦስት ነጥብ ኳስ ገብቶ ጨዋታውን ወደ ጭማሪ ሰዓት ወሰደው፤ ስቴትም 73 ለ 65 ረታ። በፍጻሜው ዲጄ ሆርን 29 ነጥብ አስቆጥሮ ቻፕል ሂልን 84 ለ 76 አሸነፉ። ግዙፉ የመሐል ተጫዋች ዲጄ በርንስ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። ሞሐመድ ዲያራ የተባለው ተጫዋች ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት የረመዳንን ጾም እየጾመ ነበር የሚጫወተው። ዋንጫው ለስቴት ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ሲሆን፣ በኮንፈረንሱ ታሪክም ከዚህ ዝቅ ካለ ደረጃ ተነስቶ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን አልነበረም።

ከዚያም በብሔራዊው ውድድር ቴክሳስ ቴክን፣ ኦክላንድን፣ ማርኬትንና ዱክን በተከታታይ ጥሎ ለመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ዙር በቃ። ይህ ዙር ለስቴት ብሔራዊ ሻምፒዮን ከሆነበት ከ1983 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በኤፕሪል 6 ቀን በፐርዱ 63 ለ 50 ተሸንፎ ጉዞው አበቃ።

በአንጻሩ በመደበኛው ውድድር ስቴትን ሁለት ጊዜ ያሸነፈውና በ12 ድል 4ኛ ሆኖ የጨረሰው ፒትስበርግ ለብሔራዊው ውድድር ሳይመረጥ ቀረ። ኮሚቴው በዋናነት የሚመዝነው የኮንፈረንስ ደረጃን ሳይሆን፣ ድሎቹ የተገኙበትን ሜዳና የተጋጣሚዎቹን ጥንካሬ ነው። ለምሳሌ በሜዳ የተገኘ ድል ከፍተኛውን ክብደት የሚያገኘው ተጋጣሚው በአገር አቀፉ መለኪያ ከ1 እስከ 30 ባለው ደረጃ ውስጥ ሲገኝ ሲሆን፣ ከሜዳ ውጪ ሲሆን ግን እስከ 75ኛ ያለ ተጋጣሚ ይበቃል።

ከዚህ በመነሳት ደረጃ ትርጉም የለውም ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። በ2024 የኮንፈረንሱ 15 ቡድኖች በሙሉ በጥሎ ማለፉ መሳተፍ ይችሉ ነበር። በ2024/25 ስታንፎርድ፣ ካሊፎርኒያና ሳውዘርን ሜቶዲስት ተጨምረው አባላቱ 18 ሲደርሱ ለጥሎ ማለፉ የሚያልፉት 15ቱ ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። የአምናው ሻምፒዮን ስቴት በ5 ድልና በ15 ሽንፈት ከቀሩት ሦስት ቡድኖች አንዱ ሆነ፤ ዋንጫውን ለመከላከል እንኳ ሳይችል ቀረ። አሰልጣኝ ኪትስም በማርች 2025 ከኃላፊነታቸው ተሰናበቱ። ከዓመት በፊት 10ኛውን ቡድን ያዳነው በር በዚያ ዓመት ለእርሱ ተዘግቶ ነበር።

እንግዲህ የአጋማሽ ሰንጠረዥን የሚያነብ ሁሉ ሦስት ነገሮችን አብሮ ሊመለከት ይገባል። እነርሱም እስካሁን የተሸነፉት ተጋጣሚዎች እነማን እንደሆኑ፣ ከማን ጋር መጫወት እንደቀረና የመጨረሻው ደረጃ የትኛውን በር እንደሚከፍት ወይም እንደሚዘጋ ናቸው። የስቴት 6 ለ 4 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመልስ ተስፋ ሰጥቷል፤ የ2025ቱ ውድቀት ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄ የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ አሳይቷል። በማርች ታሪክ መሥራት የሚቻለው፣ እስከዚያ ድረስ በውድድሩ ውስጥ መቆየት ሲቻል ብቻ ነው።